ዘመድ ፊርማዎን አስመስሎ የኪራይ ውል ላይ ሲፈርም፦ ከወረቀቱ እስከ ሽምግልናው የሚወስድ የአሠራር መመሪያ

በደሴ፣ በኮምቦልቻም ሆነ በወልድያ የቤትና የሱቅ ኪራይ ውል ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በሠፈር ሰዎች መካከል፣ በአንድ ቅጠል ወረቀት ላይ፣ ሁለት ወይም ሦስት እማኞች ባሉበት ነው። አከራዩ «ወንድሙ ነው፣ ቤቱን ያውቀዋል» ብሎ ሲያምን፣ እማኙም «ሌላው ቆይቶ ይፈርማል» ሲባል ዝም ሲል፣ ያልነበሩበት ውል በስምዎ ተፈርሞ ሊገኝ ይችላል። ነገሩ በሦስት መልክ ይመጣል፦ ዘመድዎ እርስዎን ተከራይ ወይም አብሮ ተከራይ አድርጎ ይፈርማል፤ ወይም ዋስ ያደርግዎታል፤ ወይም ደግሞ እርስዎ ጅዳ፣ ሪያድ ወይም አዲስ አበባ ሳሉ የገዛ ቤትዎን ወይም መሬትዎን በፊርማዎ ያከራያል። እርምጃዎቹ ለሦስቱም ተቀራራቢ ስለሆኑ አንድ ላይ ተጽፈዋል፤ ልዩነት ያለበት ቦታ ላይ ተለይቶ ይነገራል።

ሁሉም እርምጃ እኩል ክብደት የለውም። እንደ ጸሐፊው እምነት ከሁሉ የሚበልጠው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ይኸውም ፊርማው የእርስዎ አለመሆኑን ቀንና ቁጥር ባለው ጽሑፍ አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ወደ ሽማግሌ መሄድም ከዚያ በኋላ መሆኑ ነው። ሽማግሌ ሁለት ዘመዳሞችን ያስታርቃል እንጂ በአከራዩ ኪስ ያለውን ውል አያጠፋውም።

መጀመሪያ፦ ወረቀቱን በእጅዎ ያስገቡ

ወሬ ሰምቶ መነሣት አይበቃም። የውሉን ግልባጭ ከአከራዩ ወይም ከተከራዩ በትሕትና ይጠይቁ፤ ካልሰጡዎት እያንዳንዱን ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ያም ካልተቻለ ቀኑን፣ የኪራዩን ልክ፣ የውሉን ዘመንና የእማኞቹን ስም በማስታወሻ ይጻፉ። ዋናውን ቅጂ ማን እንደያዘው ማወቅ በተለይ ያስፈልጋል፤ የፊርማ ምርመራ የሚሠራው በዋናው ሰነድ ላይ ስለሆነ ፎቶ ኮፒ ብቻውን መርማሪውን ብዙም አይረዳውም። ወረቀቱን ለማየት ሲሰጡዎት በንዴት መቅደድ ወይም ይዞ መሄድ ትልቅ ስሕተት ነው፤ የሚጠቅምዎትን ማስረጃ ያጠፋል፣ በእርስዎም ላይ ሌላ ክስ ይጠራል።

ውሉ ተመዝግቦ እንደሆነ ደግሞ ይጠይቁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሆነባቸው ከተሞች የመኖሪያ ቤት ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም። እንግዲህ በስምዎ የተፈረመው ውል የስድስት ወር ነው ቢሉዎት እንኳ ጉዳዩ ለሁለት ዓመት ሊጎትትዎት ይችላል ማለት ነው። ውሉ ከተመዘገበ በፋይሉ ውስጥ የማን መታወቂያ ቅጂ እንደተያያዘ ይመልከቱ፤ የእርስዎ መታወቂያ ከሆነ ማን እንደወሰደው ለማስታወስ ይሞክሩ። ሱቅና መጋዘን በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። የገጠር መሬት ከሆነ ፋይሉን በቀበሌውና በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ በአማራ ክልል የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ ደብተር የሁለቱንም ፎቶ ስለሚይዝ፣ የአንዳቸው ፊርማ ተመስሎ ሲገኝ ሌላኛው አብሮ ማመልከት ይችላል።

ሁለተኛ፦ ምንም አይክፈሉ፣ ምንም አይፈርሙ

ከዘመድ ነገር ጋር የሚመጣ ትልቁ ወጥመድ እፍረት ነው። አከራዩ በር ላይ ቆሞ ጎረቤት ሲሰበሰብ «የአንድ ወሩን ልክፈልና ይለፍ» ማለት ይቀናል። ይህን የምጽፈው ከራሴ ደርሶብኝ ስለሆነ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ለአንዲት የኮምቦልቻ ሱቅ በስሜ ፈርሞ ተገኘ፣ እኔም ለአክስቴ ብዬ የአንድ ወር ኪራይ ከፈልኩ፣ ከአራት ወር በኋላ ያ ደረሰኝ «ውሉን ባያውቀው ለምን ከፈለ?» ተብሎ ፊቴ ቀረበ። ሕጉም ቢሆን ለዚህ ክርክር በር አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2190 መሠረት አንድ ሰው ያለ ሥልጣን በሌላው ስም ውል ሲዋዋል፣ ስሙ የተጠራው ሰው ውሉን ሊያጸድቀው ወይም ሊክደው ይችላል፤ ክፍያ ደግሞ እንደ ማጽደቅ ሊተረጎም ይችላል።

ስለዚህ የኪራይ ብር አይክፈሉ፤ ቤትዎን ዘመድ አከራይቶት ከሆነም የኪራይ ብር አይቀበሉ፤ በባንክ ሒሳብዎ ያልጠየቁት ገንዘብ ከገባ አይንኩት፣ ለምን እንደማይቀበሉትም ለላኪው በጽሑፍ ያሳውቁ። «ለመተማመኛ ያህል ብቻ» እየተባለ የሚቀርብ ማናቸውንም ወረቀት አይፈርሙ። በስልክ ሲነጋገሩም «እሺ፣ እንተወው» ከሚል ቃል ይጠንቀቁ፤ መልእክቱ ተቀምጦ ይቆያል።

ቤቱ የእርስዎ ሆኖ ውስጡ ተከራይ ካለ ቁልፍ መቀየር፣ መብራት መቁረጥ ወይም ዕቃ ማውጣት አይገባም። ተከራዩ ምንም ሳያውቅ፣ በቅን ልቦና ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ደግሞም «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ቢከስስዎ፣ ተበዳዩ እርስዎ ሆነው ሳለ ተከሳሽ ሆነው ይቆማሉ።

ሦስተኛ፦ ቀድሞ የሰጡት ውክልና አለ ወይ?

ይህ ጥያቄ በተለይ ዐረብ አገር ላሉ እኅቶችና ወንድሞች ነው። ከሦስት ወይም ከአምስት ዓመት በፊት በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ለወንድምዎ የላኩት ጠቅላላ ውክልና ካለ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2203 እና 2204 መሠረት ተወካዩ የአስተዳደር ሥራዎችን መሥራት ይችላል፤ ከሦስት ዓመት ያልበለጠ ኪራይም ከአስተዳደር ሥራ ይቆጠራል። ይህ ማለት በራሱ ስምና ፊርማ «ስለ እገሊት፣ ወኪል» ብሎ ቢያከራይ ኪራዩ ሊጸና ይችላል። የእርስዎን ፊርማ አስመስሎ መፈረም ግን ውክልናው የሚፈቅድለት ነገር አይደለም። ሁለቱን ለይተው ካልተናገሩ፣ ክርክሩ ሲጀመር «ውክልና ሰጥታዋለች» በሚል አንድ ቃል ሊዳፈን ይችላል። ውክልናውን ለማንሣት ከወሰኑ መሻሪያውን በጽሑፍ አድርገው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ያረጋግጡ፣ አገር ቤት በውልና ማስረጃ ያስመዝግቡ፣ ለተወካዩና ለተከራዩም ያሳውቁ፤ ያልደረሳቸው ሰዎች እንዳልሰሙ ሊቆጠሩ ይችላሉ።

አራተኛ፦ የክህደት ደብዳቤ

ደብዳቤው አጭር፣ ያለ ስድብና ያለ ግምት ይጻፍ። በተለይ «እገሌ ፈረመ» ብለው በእርግጠኝነት አይጻፉ፤ ያላዩትን ሲጽፉ ቢሳሳቱ የሐሰት ክስ ያመጣብዎታል። የሚያውቁት ፊርማው የእርስዎ አለመሆኑን ነው፤ ያንኑ ይጻፉ። ለናሙና ያህል፦

«ለአቶ/ወ/ሮ ………። በ……… ቀን ……… ዓ.ም. በ……… ከተማ ……… ቀበሌ የሚገኘውን ቤት በሚመለከት ተጻፈ በተባለው የኪራይ ውል ላይ በስሜ የሰፈረው ፊርማ የእኔ አይደለም። ውሉ ሲደረግ አልነበርኩም፤ ማንም ሰው በስሜ እንዲፈርም አልፈቀድኩም፤ ውሉንም አላጸደቅኩትም። በመሆኑም ከውሉ የሚመጣ ግዴታ እንደማይመለከተኝ እያሳወቅሁ፣ የውሉን ዋና ሰነድ ሳይለወጥና ሳይጠፋ እንዲያቆዩልኝ እጠይቃለሁ።»

ሁለት ቅጂ አድርገው አንዱን ይስጡ፤ በሁለተኛው ላይ ተቀባዩ ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን እንዲያኖር ያድርጉ። አልቀበልም ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩና ደረሰኙን ያስቀምጡ። ለቀበሌው ወይም ውሉን ለመዘገበው ጽሕፈት ቤት የሚሰጡት ቅጂ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ይውጣለት፤ በቃል «ነግሬያቸዋለሁ» ማለት በኋላ የሚያስረዳልዎት የለም። ቤቱ የእርስዎ ከሆነ አንድ ቅጂ ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት ያስገቡ፤ የኪራይ ገቢ ግብር በስምዎ ሊወሰን ይችላልና።

አምስተኛ፦ ማስረጃ

መልካሙ ነገር፣ ውሉን ይዞ የሚጠይቅዎት ሰው ነው ውሉ እንዳለ የማስረዳት ሸክም ያለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2001 ይህን ይደነግጋል። ፊርማዎን በግልጽ ሲክዱም የፊርማውን እውነተኛነት ማሳየት የእርሱ ድርሻ ይሆናል። ያም ሆኖ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይጠቅምም።

የፊርማ መርማሪ የሚያወዳድረው በጠቡ ጊዜ ከሰጡት ፊርማ ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ከጠቡ በፊት ሳያስቡበት ከፈረሙት ጋር ነው። ስለዚህ ከውሉ ቀን ጋር የሚቀራረቡ ፊርማዎችን ይፈልጉ፦ በባንክ የተቀመጠ የፊርማ ናሙና፣ የደመወዝ መቀበያ፣ የትምህርት ቤት ቅጽ፣ የቅሬ (የእድር) መዋጮ መዝገብ፣ የግብር ቅጽ። ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት ናሙና ሲያስፈርምዎት እጅዎን አይለውጡ፤ ሆን ተብሎ የተለወጠ ፊርማ ይታወቃል፣ ያኔም እውነተኛው ክርክርዎ ይጠረጠራል።

ሁለተኛው ማስረጃ የት እንደነበሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከፊርማው ምርመራ በፊት ነገሩን የሚቋጨውም እርሱ ነው። የፓስፖርት ማኅተም፣ የሥራ መቆጣጠሪያ ፊርማ፣ የሐኪም ካርድ፣ በዚያ ቀን ሌላ ከተማ ከኤቲኤም የወጣ ገንዘብ ሁሉ ይጠቅማል። ውሉ ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ተፈረመ በተባለበት ቀን እርስዎ ላሊበላ ሥራ ላይ እንደነበሩ የሚያሳይ አንድ ወረቀት፣ ከአሥር ዘመድ ምስክርነት ይበልጣል።

ሦስተኛው እማኞቹ ናቸው። ለየብቻ፣ በእርጋታ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቋቸው፦ «እኔ ስፈርም አይተኸኛል?» አብዛኛው የሠፈር እማኝ ፈርሞ የሚወጣው ሌላው እስኪፈርም ሳይጠብቅ ነው፤ ይህንንም ሲጠየቅ ይናገራል፣ በተለይ የራሱ ፊርማ በሐሰት ሰነድ ላይ መገኘቱ ሲገባው።

ሁለት ነገሮች በዚህ አጋጣሚ መታየት አለባቸው። እናትዎ ወይም አባትዎ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሆነው የጣት አሻራቸው ውሉ ላይ ከተገኘ፣ በአንቀጽ 1728 መሠረት አሻራው በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም ሥራውን በሚያከናውን ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም። ገጠር ባሉ ወላጆች ስም የሚሠራ ተንኮል ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ሁለተኛ፣ ዋስ ተደርገው ከሆነ አንቀጽ 1922ን ይመልከቱ፤ የዋስትናው ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በጽሑፍ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። ፊርማው የእርስዎ ነው ቢባል እንኳ ይህ ሁለተኛ መከላከያ ይሆናል።

ስድስተኛ፦ ዘመድየውና ሽምግልናው

ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ዘመድዎን ያነጋግሩ፤ ብቻዎን ሳይሆን ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ሰው ባለበት። ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ቃል «ጋሼ፣ ለቤተሰቡ ብዬ ነው፣ አከራዩ ለእኔ ብቻ አልሰጥም ስላለኝ ነው» የሚል ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለችግሩ አዝነውለት ወረቀቱን ግን አለመቀበል ይቻላል።

በወሎ የዘመድ ጠብ ሳይሸመገል ፍርድ ቤት መድረሱ እንደ ነውር ይታያል፤ የቅሬው ዳኛ፣ የሠፈሩ ሽማግሌዎች፣ ቤተሰቡ ክርስቲያንም እስላምም ያለበት ከሆነ ደግሞ ቄሱም ሼኩም አብረው ይቀመጣሉ። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን ሦስት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ አከራዩም በጉባኤው ይገኝ፤ እርሱ የሌለበት ዕርቅ ገንዘቡን ከመጠየቅ አያግደውም። ሁለተኛ፣ «ይቅር ተባባሉ» ከመባሉ በፊት ስምምነቱ ይጻፍ፤ ውስጡም ፊርማው የእርስዎ አለመሆኑን፣ የቀደመው ውል መቅረቱን ወይም ዘመድየው በራሱ ስም በአዲስ ውል መተካቱን፣ ያለፈውን ውዝፍ ኪራይ ማን በስንት ጊዜ እንደሚከፍል ይያዝ። ሦስተኛ፣ ዋናው ውል በሽማግሌዎቹ ፊት «ተሰርዟል» ተብሎ ተጽፎበትና ተፈርሞበት አንድ ቅጂው ለእርስዎ ይሰጥ፤ አይቀደድ። እንዲህ የተጻፈ ስምምነት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 3307 ጀምሮ ያሉትን ድንጋጌዎች መሠረት አድርጎ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል።

ሽማግሌዎች አንዳንድ ጊዜ «ደም ነው፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይላሉ። በአክብሮት መልሱላቸው፦ «አባባ፣ ከእርሱ ጋር ታርቄያለሁ፤ ወረቀቱ ግን ከሌላ ሰው ጋር ነው።» ይህን የማይቀበል ሽማግሌ ብዙም አላየሁም።

ቤቱ ያልተከፋፈለ ውርስ ከሆነና ሟቹ ሙስሊም ከነበሩ፣ የውርሱ ክፍፍል በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል፤ የፊርማውና የኪራዩ ጉዳይ ግን የመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ሁለቱን ባንድ አቤቱታ ማደባለቅ ሁለቱንም ያዘገያል።

ሰባተኛ፦ ፖሊስ ጋ ከመሄድዎ በፊት ይህን ይወቁ

የሐሰት ሰነድ ማዘጋጀት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 375፣ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል በአንቀጽ 378 የሚያስቀጣ ሲሆን፣ በዚህ ገንዘብ ከተወሰደ የማታለል ወንጀልም (አንቀጽ 692) ሊታከልበት ይችላል። ክሱ ከተጀመረ በኋላ ግን ባለቤቱ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ እርስዎ «ታርቀናል» ስላሉ ብቻ ፋይሉ አይዘጋም። ዕርቁ ቅጣቱን ሊያቀልል ይችላል እንጂ። ስለዚህ የእናትዎን ልጅ እንዲታሰር ካልፈለጉ ይህን አስቀድመው ያስቡበት፤ ለማስፈራራት ብቻ የሚሰጥ አቤቱታ ከተሰጠ በኋላ መልሶ የሚወሰድ አይደለም። በሌላ በኩል ዘመድየው ዋናውን ሰነድ ሊያጠፋ ከሆነ፣ በሌሎችም ስም ፈርሞ ከተገኘ፣ ወይም የሚያስፈራራዎት ከሆነ መዘግየት አይገባም። በማመልከቻው ላይም «ማን እንደፈረመ ተጣርቶ ይታወቅልኝ» ማለት በቂ ነው።

ስምንተኛ፦ ፍርድ ቤት

መጥሪያ ከደረሰዎት ቀጠሮውን በምንም ምክንያት አያሳልፉ። ካልቀረቡ ጉዳዩ በሌሉበት ሊታይ ይችላል፤ በሌሉበት ከተወሰነ ውሳኔውን ባወቁ በአንድ ወር ውስጥ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 78 እንዲነሣ ማመልከት አለብዎት። በመከላከያ መልስዎ ላይ «ፊርማው የእኔ አይደለም» የሚለው ቃል በግልጽ ይስፈር፤ በአንቀጽ 83 መሠረት በዝርዝር ያልተካደ ነገር እንደታመነ ይቆጠራል፣ «ክሱን አልቀበልም» የሚል ጥቅል ቃል አያድንም። ከዚያም ዋናው ሰነድ ቀርቦ በፎረንሲክ እንዲመረመር፣ ዘመድዎም ወደ ክርክሩ እንዲገባ ይጠይቁ። ሌሎች ሰዎች ተከራክረው ያለ እርስዎ የተሰጠ ፍርድ መብትዎን የሚነካ ከሆነ ከመፈጸሙ በፊት በአንቀጽ 358 መቃወሚያ ማቅረብ ይቻላል። ቤትዎ በሐሰት ተከራይቶ ከሆነ ከሳሽ ይሆናሉ፤ አቤቱታውም ቤቱ ባለበት ቦታ ፍርድ ቤት ይገባል፣ ኪራዩ ለዘመድየው እንዳይከፈል የእግድ ትእዛዝም አብሮ ይጠየቃል። ከውል ውጭ የደረሰ ጉዳት ካሳ በመሠረቱ በሁለት ዓመት ይርጋ ስለሚታገድ «ሽማግሌ ይዞታል» እየተባለ ጊዜው እንዳያልፍ ይቁጠሩ።

በመጨረሻ፣ ጉዳዩ በዕርቅም ሆነ በፍርድ ካለቀ በኋላ የመታወቂያዎን ቅጂና የይዞታ ደብተርዎን ከዘመድ ቤት ይሰብስቡ፤ ወደፊት ለማንም የመታወቂያ ቅጂ ሲሰጡ ምን ለማድረግ እንደተሰጠና ቀኑን በላዩ ላይ ይጻፉበት። ደብዳቤዎቹን፣ የተሰረዘውን ውል ቅጂና የሽማግሌዎቹን ስምምነት በአንድ ፋይል አስረው ቢያንስ ለአሥር ዓመት ያስቀምጡ፤ ለውል ክርክር በመደበኛነት የሚሠራው የይርጋ ዘመን ይህ ነው።